ምዕራፍ 7፦ በእጦት የሚያብቡ

በምዕራፍ 3 ስለ አፈር ስናወራ ተክል መብላት የሚፈልግ ፍጥረት ነው ብለን ነበር። ፍግ ማብላት፣ ብስባሽ ማልበስ፣ ውሃ አለማስጠማት የጓሮ አትክልተኛ ዋና ሥራ መሆኑንም ተስማምተን አልፈናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ ቅጠል ከብርሃን፣ ከውሃና ከአየር እንዴት ስኳር እንደሚሠራ አይተናል። በዚህ ምዕራፍ የምናገኛቸው ዕፅዋት ግን ያን ሁሉ ደግነት አይችሉም። አንዳንዶቹን ፍግ ያቃጥላቸዋል፤ የቧንቧ ውሃም ቀስ እያለ ይገድላቸዋል። ሌሎቹ ደግሞ በጋውንም ውሃ ከጠጡ በስብሰው ይቀራሉ።

ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ወገን ነፍሳትን አጥምዶ ይበላል። ሁለተኛው በጋውን ከመሬት በታች ተኝቶ ያሳልፍና ዝናብ ሲሸተው አበባውን ይዞ ብቅ ይላል። የአትክልት መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ ለያይተው ነው የሚያስቀምጧቸው። እኔ አንድ ላይ ያመጣኋቸው የሁለቱም መላ ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ ነው፦ ከጎደለ ነገር። የጎደለው ምን እንደሆነ የገባው ሰው እነዚህን ዕፅዋት በረንዳው ላይ ማሳደግ ይችላል። ያልገባው ጉድለቱን ሊሞላላቸው ይሞክርና ያጣቸዋል።

ጎተራው ሞልቶ ጨው ያጣ ቤት

የአንድ የደጋ ገበሬ ቤት እንውሰድ። ጎተራው እስከ አፉ ገብስ ነው፤ ቁንጥር ጨው ግን በቤቱ የለም። ገብሱ የቱን ያህል ቢበዛ ጨው አይሆንም። ስለዚህ ባለቤቱ ከገብሱ ይሰፍራል፣ አህያውን ይጭናል፣ ገበያ ይወርዳል፣ ጨው ይዞ ይመለሳል። ከጎተራው በወጣው እህል አይቆጭም፤ የተረፈውን ሰጥቶ የጎደለውን ገዝቷልና።

ነፍሳት በል ዕፅዋት እንደዚህ ቤት ናቸው። አብዛኞቹ የሚኖሩት ረግረግ ውስጥ ወይም ውሃ በጠገበ አሸዋ ላይ፣ ዛፍ በማያጠላበት ገላጣ ሜዳ ነው። ውሃ ሞልቷል፣ ብርሃን ሞልቷል፤ ስለዚህ ስኳር እንደ ልብ ይሠራሉ። ገብሳቸው ይህ ነው። አፈሩ ግን ድሃ ነው። ውሃ በተኛበትና አሲድ በበዛበት መሬት ላይ የወደቀ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ከበሰበሰውም የሚወጣውን ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል። በምዕራፍ 3 ያየናቸው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በበቂ አይገኙም። ጨው ያልነው እነዚህን ነው። የዝንብ ገላ ደግሞ ናይትሮጅን የሞላበት ነው። ተክሉ ከስኳሩ ቀንሶ ሙጫ ያመርታል፣ ወጥመድ ያበጃል፣ ሥጋ የሚያሟሟ ፈሳሽ ያመነጫል፤ በለውጡ ዝንብ ያገኛል።

ብዙ ሰው ተክሉ ዝንብ የሚበላው ጉልበት ለማግኘት ይመስለዋል። ጉልበቱን ግን እንደማንኛውም ተክል ከፀሐይ ነው የሚያገኘው፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ በየቀኑ ዝንብ ብታጎርሱት ይሞታል።

ነገሩን በጥንቃቄ በተሠራ ሙከራ ያሳየው ቻርልስ ዳርዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1860 በጋ፣ ሰሴክስ በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ ሳለ፣ ድሮሴራ የምትባል ትንሽ የረግረግ ተክል ቅጠሎቿ ላይ ብዙ ነፍሳት ተጣብቀው አየ። ጥያቄው አልለቀቀውም፤ ስለ ነፍሳት በል ዕፅዋት የጻፈው መጽሐፍ የወጣው በ1875 ነው። በቅጠሉ ላይ ያሉትን ሙጫማ ጸጉሮች አንድ በአንድ ቆጥሮ በአማካይ 192 ሆነው አገኛቸው። ከዚያ ያገኘውን ሁሉ ያንጠባጥብባቸው ጀመር። ወተት፣ የእንቁላል ነጭ፣ የሥጋ መረቅ ሲያገኛቸው ጸጉሮቹ ወደ ውስጥ ታጠፉ። ስኳር፣ ስታርችና የወይራ ዘይት ሲያገኛቸው ንቅንቅ አላሉም። ናይትሮጅን ያለበትን ከሌለበት ለይተዋል ማለት ነው፤ ጎተራው እህል ለሞላበት ቤት እህል ተሸክሞ የመጣ እንግዳ ምን ይጠቅመዋል? ልጁ ፍራንሲስ ዳርዊን ደግሞ ሥጋ የበሉና ያልበሉ ድሮሴራዎችን ጎን ለጎን አሳድጎ፣ የበሉት እጅግ የበለጠ ዘር እንደሰጡ በ1878 አሳወቀ።

ጨው በነጻ ከመጣስ? አሮን ኤሊሰንና ኒኮላስ ጎቴሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን የፈተኑት በሳራሴኒያ ነው። ሳራሴኒያ ቅጠሏ እንደ ጋን ሆኖ ውሃ የሚያቁር፣ ነፍሳት ገብተው የሚሰጥሙበት የሰሜን አሜሪካ ተክል ናት። ናይትሮጅን ያለበት ውሃ ሲያጠጧት ጋን መሥራቱን እየተወች ብርሃን የሚሰበስብ ጠፍጣፋ ቅጠል ታወጣ ጀመር። ውጤቱ በ2002 ታተመ። ጨው ደጁ ድረስ ከመጣለት አህያ የሚጭን የለም። ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት ትልቅ ነው፤ በቅን ልብ የሰጠናት ማዳበሪያ ተክሏን ልዩ ያደረጋትን ነገር እንድትተው ያደርጋታል፤ ከበዛባት ደግሞ ቀጭን ሥሯን አቃጥሎ ይገድላታል።

ሙጫው ላይ

ለጀማሪ የምመክረው የደቡብ አፍሪካዋን የኬፕ ድሮሴራ ነው። ቅጠሏ እንደ ጣት ረዘም ያለና ጠባብ ነው፤ በላዩ ቀያይ ጸጉሮች ተሰድረዋል፤ በየጸጉሩ ጫፍ የጠራ የሙጫ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጠዋት ፀሐይ ሲያገኛት ሁሉም ጠብታ ያበራል።

የአበባ ማሰሮ ዙሪያ የምትዞረዋን ጥቁር ትንኝ ታውቋታላችሁ። አንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ እሷን ጠብቁ። መጀመሪያ በአንድ እግሯ ብቻ ትያዛለች። እግሯን ለማላቀቅ ስትታገል ክንፏ ሌላ ጠብታ ይነካል፤ ሙጫው ክር ሆኖ ይሳባል እንጂ አይበጠስም። ጥቂት ቆይታችሁ ስትመለሱ ያልነኳት ጸጉሮች ሳይቀሩ ወደ እሷ ጎንበስ ማለት ጀምረዋል። ሰዓታት ሲያልፉ ቅጠሉ ራሱ ይጠቀለልባታል። የሚያሟሟው ፈሳሽ ለስላሳ አካሏን ቀስ በቀስ ያቀልጠዋል፤ ቅጠሉም መልሶ ይመጠዋል። ከቀናት በኋላ ቅጠሉ ሲዘረጋ የሚቀረው ባዶ ቅርፊት ነው። ይህን ለማየት አጉሊ መነጽር ቢኖራችሁ መልካም ነው፤ ባይኖርም ዓይን ይበቃል።

የድሮሴራ ወገን ለእኛም አገር ባዕድ አይደለም። ድሮሴራ ማዳጋስካሪየንሲስ የምትባለው ዝርያ በኢትዮጵያም ረግረጋማ ቦታዎች ትበቅላለች። ከውሃ በታች ባለች ፊኛ መሰል ወጥመድ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳትን መጥ አድርጋ የምታስገባው ዩትሪኩላሪያም እንዲሁ አለች። ረግረጎቻችንን እያደረቅን ስንሄድ እነሱም አብረው ይሄዳሉ፤ የሚያሳዝነው ብዙዎቻችን መኖራቸውን እንኳ ሳናውቅ ነው።

ስሟ ከሁሉ የገነነው ግን ዲዮኔያ ናት። ሁለት ከንፈር ባለው ቅጠሏ ዝንብ ከድና የምትይዘው እሷ ናት። በተፈጥሮ የምትገኘው በሁለቱ ካሮላይናዎች፣ ዊልሚንግተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ዙሪያ ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ከንፈር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ቀጫጭን ጸጉሮች አሉ። አንዱ አንዴ ቢነካ ምንም አይሆንም። በ20 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ሁለተኛ ንክኪ ከመጣ ግን ቅጠሉ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ገደማ ይከደናል። ዝንቡ ውስጥ ሆኖ ሲፈራገጥ ንክኪው ይቀጥላል፤ የሚያሟሟው ፈሳሽ መመንጨት የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው።

ለምን ትቆጥራለች? ወጪ ስላለው ነው። መክደንና መልሶ መክፈት ስኳር ይበላል፤ አንድ ወጥመድም ከጥቂት ጊዜ በላይ አይሠራም። የዝናብ ጠብታ ወይም የደረቀ ሳር ስባሪ በነካት ቁጥር ብትከደን ጎተራዋ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቱ እየነካ እንዲያስከድናት አትፍቀዱ። ልጆች ሊያዩ ከፈለጉ አንድ ትንሽ ዝንብ ስጧት፤ ትርዒቱን ያያሉ፣ እሷም ዋጋዋን ታገኛለች።

ማሰሮው ውስጥ ምን ይግባ

አፈር አይግባ። የጓሮ አፈር፣ ብስባሽ፣ ፍግ፣ አመድ ሁሉም ይቅሩ። የሚያስፈልገው ውሃ የሚይዝ ግን ምግብ የሌለው ነገር ነው። የተለመደው ፒት ሞስ፣ ማለትም ከረግረግ የሚወጣ የደረቀ የሣር ሽበት ቅሪት፣ ከታጠበ የሲሊካ አሸዋ ወይም ከፐርላይት ጋር እኩል ተደባልቆ ነው። የአበባ እርሻዎች የሚጠቀሙበት ኮኮፒትም ይሆናል፤ ነገር ግን ከኮኮናት ልጥ ጋር የሚመጣ ጨው ስላለው በዝናብ ውሃ ደጋግሞ መዘፍዘፍና ማጠብ ያስፈልጋል። በፐርላይት ፈንታ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣውን ፑሚስ የሚባለውን ቀላል ድንጋይ አድቅቆና አጥቦ መጠቀም ይቻላል። ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ፒት ሞስም ስለሚሸጥ ከረጢቱን ሳታነቡ አትግዙ። ማሰሮው ፕላስቲክ ይሁን፤ ሲሚንቶ ኖራውን ይለቃል፣ ሸክላም ጨው ያጠራቅማል።

ከሁሉ በላይ የሚገድላቸው ውሃ ነው፤ ነገሩን ላብራራ። የቧንቧና የጉድጓድ ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሌሎች ማዕድናት ሟሙተውበታል። ለእኛ አይጎዳም። ማሰሮ ውስጥ ሲገባ ግን ውሃው ይተናል፣ ማዕድኑ ይቀራል። በየሳምንቱ ያው ሲደጋገም ማሰሮው ውስጥ ያለው ጨው እየወፈረ ይሄዳል፤ ድህነትን ለምዶ የተሠራው ሥር ደግሞ ይህን አይችልም። የጀበናችሁን ወይም የውሃ ማፍያችሁን ውስጥ ተመልከቱ፤ እዚያ የምታዩት ነጭ ቅርፊት ማሰሮው ውስጥም እየተጋገረ ነው። የሟሟውን የሚለካ ቲዲኤስ ሜትር የሚባል እርሳስ የሚያህል መሣሪያ አለ፤ በአንድ ሊትር ከ50 ሚሊ ግራም በታች ካሳየ ውሃው ይሆናል። የታሸገው የማዕድን ውሃ ስሙ እንደሚለው ማዕድን ስላለው አይሆንም።

መፍትሔው ከሰማይ ይወርዳል። በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። የ10 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ በአንድ ኃይለኛ የሐምሌ ዝናብ፣ 20 ሚሊ ሜትር ብንል፣ 200 ሊትር ያወርዳል፤ አንድ በርሜል ሙሉ ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ ይጠብና ይፍሰስ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ከአሸንዳው ሥር ያዙ፤ የወባ ትንኝ እንዳይራባበት በርሜሉን ክደኑ። ለጥቂት ማሰሮ በጋውን ያሻግራል። ካለቀባችሁ በየነዳጅ ማደያው የሚሸጠው ዲስቲልድ ውሃ አለ፤ እዚያው አጠገብ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ እንዳይቀየርባችሁ ግን ጠርሙሱን ደጋግማችሁ እዩ።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ማሰሮውን ዝርግ ሳህን ላይ አስቀምጡና ሳህኑ ውስጥ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ይኑር። ሲደርቅ ሙሉት። ፀሐይ ያግኝ፣ ቢቻል ግማሽ ቀን። ሥጋ አታጉርሱ፤ ይሸታል፣ ቅጠሉንም ያበሰብሳል። ደጅ ያለ ተክል አደኑን ራሱ ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲዮኔያ በአገሯ የክረምት ብርድ ለምዳለች፤ በዓመት ሦስትና አራት ወር ያህል በቅዝቃዜ ማረፍ ትፈልጋለች። የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደህና ይቀዘቅዛል፤ ቀኑ ግን ሞቃት ነው፣ የቀኑም ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙ አይለዋወጥም። ስለዚህ ዕረፍቷ ሙሉ አይሆንላትም። በአንጻሩ ከቦርንዮ ተራሮች የመጡት የደጋ ኔፔንተሶች፣ ማለትም ከቅጠላቸው ጫፍ ክዳን ያለው ገምቦ የሚያንጠለጥሉት ሐረጎች፣ የለመዱት ሞቃት ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ነው። ከትልልቆቹ አንዷ የሆነችው ኔፔንተስ ራጃህ በኪናባሉ ተራራ ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ከፍታ ላይ ትኖራለች። ከፍታችን ይስማማቸዋል፤ የሚጎድላቸው የበጋችን አየር እርጥበት ነው። ቦርንዮ ውስጥ ይህችን ተክል ከዱር መንቀል ወይም ካሮላይና ውስጥ ዲዮኔያን መስረቅ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ሰሜን ካሮላይና ከ2014 ጀምሮ የዱር ዲዮኔያ ስርቆትን ከባድ ወንጀል አድርጋዋለች። በዘር የተባዛ ተክል ብቻ ፈልጉ። የኬፕ ድሮሴራ ዘር እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ ፒቱ ላይ ይበተናል፣ አፈር አይለብስም፣ ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል።

ከመሬት በታች ያለው ጎተራ

ወደ ገበሬያችን እንመለስ። አሁን ጨው አላጣም፤ የጎደለው ወራት ነው። ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ይመጣና ይሄዳል። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ጉድጓድ ቆፍሮ መሬት ውስጥ ያኖራል። ኮረት ያላቸው ዕፅዋት ያደረጉት ያንን ነው።

ኮረት ስንል አንድ ዓይነት ነገር አይምሰላችሁ። የሽንኩርት ራስ ምግብ የሞላባቸው ቅጠሎች ክምር ነው፤ ለሁለት ስትሰነጥቁት ንብርብሩ ይታያል። የግላዲዮለስ ኮረት ደግሞ ያበጠ ግንድ ነው፤ ቢሰነጠቅ እንደ እንሰት አሚቾ ድፍን ነው። ለተክሉ ግን ሁለቱም ጎተራ ናቸው፤ ቅጠሉ በክረምት ስኳር እየሠራ ወደ ታች ያወርዳል፣ በአብዛኛው በስታርች መልክ ይቀመጣል፣ በጋ ሲገባ ቅጠሉ ይደርቅና ጎተራው ብቻ ይቀራል።

ከዚህ ሁለት ሕግ ይወጣል። አበባው ሲረግፍ አረንጓዴውን ቅጠል አትቁረጡ፤ ገና እህል እያስገባ ነው። ቅጠሉ ከደረቀ በኋላ ደግሞ ውሃ አታጠጡ። ያረፈ ኮረት ውሃ የሚስብ ሥር የለውም፤ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀመጥ ሻጋታ ቀድሞ ይደርስበታል። ከጽጌረዳው ጎን ተተክሎ ዓመቱን ሙሉ በጎማ ውሃ የሚጠጣ ኮረት ዕድሜው አጭር ነው። ለየብቻ በማሰሮ ብትተክሉትና በጋ ሲገባ ማሰሮውን እንዳለ ዝናብ የማያገኘው ጥግ ብታስቀምጡት ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

ከየት እንጀምር ብትሉኝ፣ ከራሳችን። የአበሻ ግላዲዮለስ በሚል ስም በአውሮፓና በአሜሪካ የአትክልት ሱቆች በከረጢት የሚሸጠው ግላዲዮለስ ሙሪዬሌ የኢትዮጵያ ደጋ ልጅ ነው። ሳይንስ መጀመሪያ የመዘገበው በ1844 ነበር። ነጭ ነው፤ መሐሉ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ኮከብ አለው፤ አበባው ረጅም ቀጭን አንገት ላይ ዘንበል ብሎ ይንጠለጠላል። ቀን ብዙም አይሸትም። ሲመሽ ግን ሽታው ይነሳል፤ በአንገቱ ጥልቀት ልክ ምላስ ያላት የሌሊት እሳት እራት የምትመጣው ያን ጊዜ ነው። ሎንዶን ወይም ዋሽንግተን ላይ የሚኖር አበሻ በግንቦት ማሰሮ ውስጥ ቢተክለው በጳጉሜንና በመስከረም ያብብለታል፤ ብርድ ሳይመታው አውጥቶ ደረቅ ቦታ ማኖር አለበት። እዚህ አገር ያሉ አትክልተኞች ከሆላንድ የመጣ አበባ ፍለጋ ሲደክሙ ይህን አለማወቃቸው ይቆጨኛል።

ሌላው ስካዶክሰስ መልቲፍሎረስ ነው። ዝናቡ ሲጀምር መሬቱን ሰንጥቆ ይወጣና በአንድ አገዳ ላይ እስከ 200 የሚደርሱ ቀያይ አበቦችን አንድ ትልቅ ኳስ አድርጎ ይሸከማል። ቱሊፕን ግን ለደጋችንም አልመክርም። የመካከለኛው እስያ ልጅ ነው፤ ከሦስት ወር በላይ ብርድ ካልተኛ አበባ አያወጣም። እሱ የሚፈልገው እጦት እዚህ የለም።

ብዙዎቹ መርዝ ናቸው። እንደ እሳት ነበልባል ቀይና ቢጫ የምታብበው ግሎሪዮሳ ሁለመናዋ፣ በተለይም ድንች የምትመስለው ሥሯ፣ ኮልቺሲን የሚባል ገዳይ ንጥረ ነገር አለባት። በገጠር በጅምላ የጅብ ሽንኩርት የሚባሉትም የሚበሉ አይደሉም። ሕፃንና ከብት የማይደርስበት ቦታ ይሁኑ፤ ኮረታቸውም ከኩሽና ሽንኩርት ጋር አይቀመጥ።

ጎተራውን በአንድ ቀን የሚያነድ

ሳውሮማተም ቬኖሰም ከኢትዮጵያና ከሌላው አፍሪካ በዓረብ ምድር አልፎ እስከ ሕንድ የሚገኝ ተክል ነው። ኮረቱ የቡጢ ያህል ሲሆን ለማበብ በቅቷል። አፈርም ውሃም አይጠይቅም። ደረቁን ኮረት መስኮት ላይ ብታስቀምጡት ከመሐሉ ሹል ቀንበጥ ይወጣል፣ ይረዝማል፣ አንድ ቀን ይተረተራል፤ ውስጡ ቡናማ ነጠብጣብ ያለበት ምላስና ከመሐሉ የቆመ ጠቆር ያለ ዘንግ ይታያል። ሁሉም የመጣው ባለፈው ዓመት ከተቀመጠው እህል ነው።

ከዚያ ዘንጉ ይሞቃል። ስታርቹን በፍጥነት ያቃጥልና ከአካባቢው አየር ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። ሙቀቱ የበሰበሰ ሥጋ የሚመስል ሽታ ያተናል፤ ዝንቦች ጥንብ ያገኙ መስሏቸው ይጎርፋሉ። ሳይበላቸው የአበባ ዱቄቱን አሸክሞ ይለቃቸዋል። ሙቀቱን የሚያስጀምረው ምልክት ሳሊሲሊክ አሲድ፣ አስፕሪን የሚሠራበት ንጥረ ነገር ማለት ነው፣ መሆኑን ኢልያ ራስኪንና ባልደረቦቹ በ1987 ደርሰውበታል። ሽታው ብርቱ ስለሆነ በዚያን ቀን ከመኝታ ቤት ይውጣ፤ ጭማቂው ቆዳ ስለሚያሳክክም ከነካችሁት እጃችሁን ታጠቡ።

አበባው ሲጠወልግ ኮረቱ ሲጨበጥ ቀለል ይላል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሳትዘገዩ ውሃ በማይቋጥር አፈር ውስጥ ቅበሩት። ይህ እንደ ድሮሴራ አይደለምና ብስባሽ ብትጨምሩለት ደስ ይለዋል። አንድ ትልቅ ቅጠል ብቻ ያወጣል፤ ክረምቱን ሙሉ ጎተራውን የሚሞላው እሱ ነው። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቢጭ ውሃውን አቁሙ፤ ሲደርቅ ኮረቱን አውጡና በሚዛን አስቀምጡት። ካበበበት ጊዜ ከብዶ ከተገኘ ለከርሞ ሳያብብ አይቀርም። ከቀለለ ደግሞ ከርሞ ቅጠል ብቻ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ያኔ የበለጠ ፀሐይ ወደሚያገኝበት ቦታ አዛውሩት።